ድሬን ያሳዩኝ ሰሞን

ባለቤቴ መንገድ ላይ መቆም አይወድም። ከአዳማ ተነስተን የትም ብንሄድ ውሃ እንኳ የሚገዛው በመስኮት ነው። በዚያ ክረምት ግን፣ ወደ ድሬዳዋ ስንጓዝ፣ ሌላ ሰው ሆነብኝ። መተሐራ ላይ ሳልጠይቀው መኪናዋን ከአስፋልት አወጣትና ሐይቁን እያየን ቆምን። አዋሽ ስንደርስ የፍየል ጥብስ አዘዘ፤ እሱ ሲያልቅ ደገመ። ጭሮን አልፈን ተራራው ላይ ጉም ሲጋርደን "ውረጂ፣ አየሩን ሳቢው" አለኝ። ሂርና ላይ ብርቱካን ገዝቶ የመኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ እየላጠ አጎረሰኝ።

"ምን ነካህ?" ስለው፣

"እረፍት አይደል እንዴ የወጣነው?" ብሎ ሳቀ።

ደስ አለኝ። እኔና እህቴ በኪራይ ግቢ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተን ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ የምተነፍሰው ክረምት ሲገባ ብቻ ነው። እሱም ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ፈቃድ ሲወጣ ቤት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ሁለታችን ብቻ ሆነን እንዲህ ዘና ብለን የሄድንበትን ጊዜ አላስታውስም። ቁልቢ ወርደን ተሳለምን። ከደንገጎ ቁልቁል ስንጠማዘዝ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ በየኩርባው እየሞቀ መጣ፤ ታች ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ጨርሼ ነበር።

የምንጠይቀው ሰው የባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ የሠርጋችን ሚዜ ነው። እስከዛሬም "ሚዜያችን" ነው የምለው። የድሬ ልጅ ነው፤ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አሁን ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ የሚያስፈጽም ቢሮ አለው። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቱ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ጠበቀን።

"አቦ ግቡ! ምን ትቆማላችሁ?"

መኪናችንን ግቢው ጥግ ድረስ አስገባና የራሱን ፒክአፕ ከኋላዋ አቆመ። ቁልፉን ከባለቤቴ እጅ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። "ድሬ ድረስ መጥታችሁ እናንተ ልትነዱ? ነውር ነው!" አለ። ሳቅን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ጠዋት ፉልና ትኩስ ፈጢራ እንበላለን። ከዚያ ከዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር እንሄዳለን፤ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ አባቱ ይሠሩበት የነበረውን በር አሳየን። አመሻሽ ላይ ትኩስ የተጠበሰ ባጂያ ቢስባስ የሚሉት የቃሪያ ድልህ ውስጥ እያጠቀስን እንበላለን፤ ሚጥሚጣ ለምጄ እንኳ ቢስባሱ እንባዬን አወረደው። ሻይ ከጣፋጩ ሐሊዋ ጋር ይከተላል። ሚዜያችን አንዱን ሳንውጥ ሌላውን ያዛል።

ከምሳ በኋላ ግን ከተማው በሩን ይዘጋል። ወንዶቹ ጓሮ ያለችው ክፍል ገብተው ትራስ ላይ ይጋደማሉ፤ ሚዜያችን ይቅማል፣ ባለቤቴ ለስላሳ ይዞ ይሰማል። እኔ ሙቀቱ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ በተዘጋበት የእንግዳ ክፍል አልጋ ላይ ጣሪያ እያየሁ እቀራለሁ። ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያመጣዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ይቆማል። አንድ ቀን ተነስቼ በር ላይ ስደርስ ሚዜያችን አየኝ።

"ወዴት?"

"ትንሽ ልንቀሳቀስ።"

"በዚህ ፀሐይ? ትታመሚያለሽ። አስር ሰዓት ላይ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ።"

የውጩ በር ተቆልፎ ነበር። ተመለስኩ።

አስር ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ ወሰደኝ። እሱ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ፣ እኔ መሀል። ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ቀድሞኝ ይገዛል። "እኔ ልምረጥ እንጂ" ስለው "አቦ ተዪው፣ እኔ አውቀዋለሁ" ይላል። ምንም ሳልነካ ገበያውን ጨርሼ ወጣሁ። ክፉ ሰው ቢሆን እቆጣ ነበር። ደግነቱ ነው አፌን የያዘኝ።

የመመለሻችን ቀን አለፈ። ባለቤቴን ለብቻው አግኝቼ "መቼ ነው የምንሄደው?" አልኩት።

"ምን ያስቸኩለናል?"

"የሕፃናቱ ምዝገባ ሊጀመር ነው። እህቴ ብቻዋን ናት።"

"ትችላለች" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

በማግስቱ ወደ መልካ ጀብዱ ወጣ ብለን የግመል ወተት ጠጥተን ስንመለስ፣ ሚዜያችን አንድ ግቢ በር ላይ ቆመ። "የወዳጄ ቤት ነው፣ ውሃ እንጠጣ" አለ። ዘበኛ ከፈተልን፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ትልቅ ማንጎ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ባዶ ክፍሎች። "ግቢና እይው፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል" አለኝ። ገብቼ አየሁ። ስወጣ፣ ከልቤ፣ "እንዴት ደስ የሚል በረንዳ ነው!" አልኩ። ሁለቱ ተያዩና ፈገግ አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

የሚዜያችን ሚስት ዝምተኛ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ"ብሉ" እና "ጠጡ" ያለፈ ነገር አልተናገረችኝም። በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍላት ግን ፊቷ ፈክቶ ነበር።

"ቤቱን ወደድሽው አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

"የቱን ቤት?"

"ባለማንጎውን ነዋ። ከመስከረም ጀምሮ ጎረቤት ልንሆን አይደል እንዴ?"

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ፊቴን አይታ ደነገጠች።

"አልነገረሽም?"

"ምኑን?"

መጀመሪያ ልትሸሽግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ባለቤቴ የሚዜያችንን ቢሮ ሂሳብ ሊይዝ ሁለቱ ከፋሲካ ጀምሮ ተስማምተዋል። ቤቱ ተይዟል። ለእኔም አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ተነጋግረውልኛል። ከሐይቁ እስከ በረንዳው ያሳዩኝ ሁሉ፣ የላጠልኝ ብርቱካን ጭምር፣ እኔን ለማሳመን ነበር።

"እኔንም ሲያመጣኝ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ቢሾፍቱ እንመለሳለን ብሎኝ ነበር" አለች።

"እዚህ ከመጣሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?"

"የመጨረሻው ልጄ እዚህ ተወልዶ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛን ጨረሰ።"

የከተፍኩትን ሽንኩርት ወደ ጎን ገፋሁት። ከዚያ "መውጣት እፈልጋለሁ፣ አሁን" አልኳት። ወንዶቹ ጓሮ ናቸው። ከሽርጧ ኪስ ቁልፍ አውጥታ የውጩን በር ቀስ ብላ ከፈተችልኝ።

"ጥላ ጥላውን ሂጂ" አለችኝ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ያገኘሁት ባጃጅ ሾፌር "የት ልውሰድሽ?" ሲለኝ የመጣልኝ ስም ቀፊራ ብቻ ነበር። ገበያውም ተኝቷል፤ ነጋዴዎቹ ሸራቸው ሥር ተጋድመዋል። መሄጃ አጥቼ ስቆም አንዲት ሎሚ ሻጭ "ኮቱ፣ ነይ እህቴ፣ ፀሐዩ ይገድልሻል" ብላ ጠራችኝና ጀሪካን አስጠግታ አስቀመጠችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ተኛች። ድሬ ከገባሁ ጀምሮ ማንም ሳያጎርሰኝ፣ ማንም ሳያሳየኝ የተቀመጥኩት ያኔ ነው። እዚያው ሆኜ ሳላፍር አለቀስኩ። ከዚያ ለባለቤቴ ደወልኩ።

"ቀፊራ ነኝ። ብቻህን ና። በእኛ መኪና።"

ቁልፋችንን ከሚዜያችን ተቀብሎ፣ ፒክአፑን አስነስቶ መጣ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የመኪናው ውስጥ ሙቀት እሳት ነበር፤ መስኮት ግን ማናችንም አልከፈትንም።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ?"

"ከተማውን ስትወጂው።"

"እምቢ ማለት ሲያቅተኝ ማለትህ ነው።"

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ስደርስ እንደምታነቅ አታውቂም። እዚያው ጡረታ ወጥቼ እዚያው ልሞት ነው እላለሁ። አንቺ ሕፃናቱ ከበውሽ ስትስቂ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዓመት አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ይህን አላውቅም ነበር።

"ይሄንን ነበር መጀመሪያ የምትነግረኝ። በፍየል ጥብስ ታባብለኛለህ እንዴ?"

"ሥራውን ለቅቄያለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከመምጣታችን በፊት።"

መጮህ ፈልጌ ነበር። ፊቱ ላይ ያለውን ላብ ሳይ አዘንኩለት። ልራራለት አልፈለግኩም፤ ራራሁለት። ከተቆለፈው በር ይበልጥ ያሰረኝ ያ ነው፤ ተቆጥቼ እንዳልሄድ አዘንኩለት፣ አዝኜ እንዳልቀር ተቆጥቻለሁ።

"እኔ ወደ አዳማ እመለሳለሁ፤ ትምህርት ቤቴን አልዘጋም" አልኩት። "አንተ የሚሆንህን አድርግ። እስር ቤትህ አልሆንም፤ አንተም እንዳትሆንብኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ልንወጣ ስንል ሚዜያችን ዳግም ከኋላችን ያቆመውን ፒክአፕ አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። ቅር ብሎታል። "እኔ እኮ ለደግ ብዬ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ፤ ሚዜያችን ነህ። ግን ስለ እኔ ስትመካከሩ እኔንም ጥሩኝ።"

አንገቱን ደፋ። ሚስቱ አቅፋ ስትሰናበተኝ ጆሮዬ ላይ "አይዞሽ" አለችኝ፤ እኔም መልሼ "አይዞሽ" አልኳት። በሁርሶ በኩል ባለው በቆላው መንገድ ተመለስን። ግራና ቀኙ አቧራና የግራር ቁጥቋጦ ነው። አዳማ እስክንገባ ስለ መንገዱ ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም።

መስከረም ላይ ባለቤቴ ብቻውን ወደ ድሬ ሄደ። ባለማንጎውን ቤት ሌሎች ተከራዩት፤ እሱ ከቢሮው አጠገብ አንድ ክፍል ያዘ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በባቡር እሄዳለሁ። የመመለሻ ትኬቴን ሳልይዝ አልሳፈርም።

ድሬ ተስማምቶታል። ፓስታ ራሱ ይቀቅላል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ይስቃል፣ ሲነቃ ፊቱ ከባድ አይደለም። ደስ ይለኛል፤ ይህ ሁሉ ያለ እኔ መሆኑ ደግሞ ያመኛል። ስሄድ እጓጓለሁ፣ ስመለስም እጓጓለሁ፤ ሁለቱን አንድ ቤት ማስገባት ግን አልቻልኩም።

ባለፈው ሻንጣዬን ስዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ለዘለቄታው የምትመጪ ይመስልሻል?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት። "አንተስ ትመለሳለህ?"

"አላውቅም" አለ።

ሻንጣውን አነሳልኝና ባጃጅ ልንፈልግ ወጣን።