ማንም ያልወለዳቸው አራት ሰዎች

ሺሺንዳ ገበያ ላይ የእትዬ ይመኙሻልን ሚዛን የሚጠራጠር ሰው የለም፤ ካለም በሆዱ ይዞት ይሄዳል እንጂ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በገበያ ቀን ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን የጫካ ቅመም ይሸጣሉ፤ ሌላውን ቀን ከጓሯቸው እንሰት ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ሲሄዱም ሲቆሙም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቁጣቸው ደግሞ ቅርብ ነው።

ልጅ አልወለዱም። ባል አግብተው ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ፤ ባልየው አሥረኛውን መጠበቅ አቃተውና ሌላ አገባ። እሳቸውም ልብሳቸውን በአንድ ቋጠሮ ይዘው ወደ አባታቸው መሬት ተመለሱና ከታናሽ እህታቸው ከትሁት ግቢ አጠገብ ቤት ሠሩ። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ ቦይ ብቻ ነው።

ያን ቦይ ነው ትሁት አንድ ቀን ሰብሃትን ታቅፋ የተሻገረችው። ሰብሃት ያኔ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። እናቱ ሌላ አርግዛ ጡቷ ደርቋል፤ የልጁ እግር አብጧል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ትሁት ልጁን እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችና አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች። እትዬ ይመኙሻል ነገሩ ገባቸው፤ ቢያንስ የገባቸው መሰላቸው። “እህቴ ባዶ ጭኔን አይታ አዘነችልኝ” አሉ ለራሳቸው። ትንሽ አፈሩ። ግን ቁጭ ብሎ ለማፈር ጊዜ አልነበረም፤ ልጁ መብላት ነበረበት። ከሰብሃት በኋላ በየጊዜው ሦስት ተጨመሩ፤ ሁሉም በዚያው ቦይ ተሻግረው፣ ሁሉም ያለ ቃል።

በዚያ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ደንብ አለ። የተሰጠ ልጅ በሰጪው አፍ አይቆጠርም፤ መቁጠር መልሶ እንደ መውሰድ ነው። ስለዚህ ትሁት “ስንት ልጅ አለሽ?” ስትባል አርባ ዓመት ሙሉ እጇ ላይ የቀሩትን ብቻ ስትቆጥር ኖራለች፤ አሁን መልሷ “ሦስት” ነው። ልጆቹ ሁሉንም ያውቃሉ። ወላጃቸውን “እማ ትሁት” ይሏታል፤ እትዬ ይመኙሻልን “እማዬ” ይሏቸዋል። በዚህ የተቸገረ ማንም አልነበረም።

ችግሩ አምና ከጥናት ጋር መጣ። ዶክተር ኢሳያስ የሚባሉ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ይዘው ከፋ ገቡ፦ ከአብዛኛው እንስሳ ተለይታ የሰው ሴት መውለድ ካቆመች በኋላ ሌላ ሠላሳ አርባ ዓመት የምትኖረው ለምንድን ነው? ለልጆቹስ ዕድሜ የማን እጅ ነው የሚጠቅመው? ለዚህ ሲሉ በየቤቱ ስንት እንደ ተወለደ፣ ስንቱ እንዳደገ፣ ማን በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ ያስመዘግባሉ። ጫካ ውስጥ የጉሬዛ መንጋ የሚከታተል ሌላ ቡድንም አላቸው። መዝጋቢዋ ህይወት የቦንጋ ልጅ ናት፤ የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖንም አማርኛውንም ታቀላጥፈዋለች።

ጎረቤቶቹ ሁለት ሁለት ሰዓት ነበር የተጠየቁት። እትዬ ይመኙሻል ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን ለውጠው፣ ወንበር ደጅ አውጥተው ጠበቁ።

“እትዬ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?” አለች ህይወት።

እትዬ ይመኙሻል መዋሸት አይወዱም። “አልወለድኩም።”

ልጅቷ ታብሌቷን ነካ አደረገችው። “እንግዲያው ቅጹ እዚህ ላይ ያበቃል። በጣም እናመሰግናለን።”

አራት ደቂቃ አልሞላም። እትዬ ይመኙሻል እስከ በር ሸኟት፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩም። ያን ከሰዓት የፋቁት እንሰት ግን አበሳውን አየ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉድ ፈላ። ትሁት “የወለድኩት ሦስት ነው” ብላለች። እትዬ ይመኙሻል “አልወለድኩም” ብለዋል። ሚኒባስ የሚነዳው ሰብሃት፣ ቢታ ገነት ከተማ ነርስ የሆነችው ዕፀገነትና ቦንጋ የሚያስተምሩት ሁለቱ ታናናሾቻቸው ደግሞ “እናታችሁ ማን ናት?” ሲባሉ አራቱም “ይመኙሻል” ብለዋል። ኮምፒውተሩ ደመረ፣ ቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ በሕይወት ያሉ፣ ደመወዝ የሚበሉ፣ ነገር ግን ማንም ያልወለዳቸው አራት ሰዎች ተገኙ።

“ታዲያ እኛ ከሰማይ ዱብ ያልን ነን?” ብሎ ሰብሃት ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀ።

እናቱ ግን አልሳቁም፤ ፈሩ። ዶክተሩ ራሳቸው ስህተቱን ሊያርሙ ይመጣሉ ተብሏል። ሲታረም ምን እንደሚሆን አልጠፋቸውም። አራቱም ተለቅመው ወደ ትሁት መስመር ይገባሉ፤ የእሳቸው መስመር ባዶውን ይቀራል። አርባ ዓመት ያለ ወረቀት እናት የነበሩት ሴትዮ፣ አሁን በወረቀት ልጅ አልባ ሊሆኑ ነው። ወረቀት ብቻ እኮ ነው ብለው ራሳቸውን ሊያጽናኑ ሞከሩ፤ አልጽናና አላቸው።

ዶክተር ኢሳያስ መጡ። ሁለቱን እህቶች እትዬ ይመኙሻል ግቢ አንድ ላይ አስቀምጠው ይቅርታ በመጠየቅ ጀመሩ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። “ቅጹ አያትን ይጠይቃል፤ አክስትን አይጠይቅም። የሚገርመው፣ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ የሚከታተሉት ልጆች ይሄን ከጻፉ ቆይተዋል። ጉሬዛ ስትወልድ ነጩን ግልገል ሌሎቹ ሴቶች እየተቀባበሉ ያቅፉላታል። ማን እንዳቀፈ በስሟ መዝግበናል።”

“የጉሬዛዋን አክስት በስሟ ጽፋችሁ እኔን በአራት ደቂቃ አለፋችሁኝ?” አሉ እትዬ ይመኙሻል።

ዶክተሩ አቀረቀሩ፤ ህይወት ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ዛሬ ጊዜ አለን እትዬ። ይንገሩን።”

ነገሯቸው። የሰብሃት እግር እብጠት በስንት ቀን እንደ ጎደለ፣ መጀመሪያ የበላው ምን እንደ ነበር። አራቱም በአንድ ሳምንት ኩፍኝ ሲይዛቸው የትኛው በቀኝ፣ የትኛው በግራ እንደ ተኛ። ዕፀገነትን ወባ የጣላት ጊዜ መኪና ጠፍቶ በጀርባቸው አዝለዋት በጭቃ ቦንጋ ድረስ በእግራቸው እንደ ሄዱ፣ ሐኪሙም “እናቷ ነሽ?” ሲላቸው “ታዲያ ማን ልሁን?” ብለው እንደ ጮኹበት። የጥርስ ማብቀያውን፣ የእግር መትከያውን፣ የትምህርት ቤቱን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ አወጡት። ድምፃቸው እየሰፋ ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲናገሩ አንዴም ውሃ አልጠየቁም፤ ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ የእሳቸው በለጠ።

ከዚያ ህይወት ወደ ታናሽየዋ ዞረች። “እትዬ ትሁት፣ እርስዎስ በትክክል የወለዱት ስንት ነው?”

ትሁት እህቷን አየች፤ መሬቱን አየች። ደንቡን የሚፈታላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ ይመኙሻል እንቢ ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። “ንገሪያቸው” አሉ በመጨረሻ። “ልጆቹ ማንም ያልወለዳቸው ሆነው አይቀሩም።”

“ሰባት” አለች ትሁት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እትዬ ይመኙሻል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“የሞተብዎትስ?”

“አንድም የለም።”

ዶክተሩ ቀና አሉ። “በዚያ ዘመን፣ የምታግዝ አያትም በሌለችበት፣ ከሰባት አንድም አልሞተም?” ህይወት አዲስ ዓምድ ከፍታ የእትዬ ይመኙሻልን ስም ጻፈችና “ያሳደጓቸው፣ አራት” እያለች መንካት ጀመረች።

ትሁት የልጅቷን እጅ ያዘች። “ሰባት በይ።” ከዚያ ወደ እህቷ ዞራ በካፊኖኖ ቀጠለች። “እትዬ፣ እስከ ዛሬ አዝኜልሽ የሰጠሁሽ ነው የሚመስልሽ። አላዘንኩልሽም። ሰብሃት እጄ ላይ ሊሞት ነበር፤ ከሆዴ ያለውም አብሮት ሊሄድ ነበር። አድኚልኝ ማለት አሳፈረኝና ዝም ብዬ ጭንሽ ላይ ጣልኩት። ከዚያ በኋላም ባቃተኝ ቁጥር ወዳንቺ ነው የሮጥኩት። አራቱን ባትወስጂልኝ ሦስቱንም እቀብራቸው ነበር።”

ህይወት የሰማችውን ለዶክተሩ በዝግታ ተረጎመችላቸው። የእትዬ ይመኙሻል እንባ እስከ አገጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም፤ ጀርባቸውን ቀጥ እንዳደረጉ ቆዩ። ታብሌቱን ይዛ የቀረችውን ልጅ ሲያዩ ግን ቁጣቸው ተመለሰ።

“ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሰባት ተብለሻል፤ ጻፊ።”