ግንድ ውስጥ የቀረችው ወፍ

መሰላል ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲወጣበትም ዝም ስለሚል ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሥራው የመብራት መስመር መዘርጋት ነው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ይወጥራል፣ ወደ ሽቦው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ቤት የምትጠብቀው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ጥርስ እንኳ አላወጣም ነበርና እህቱ እያላመጠች አጉርሳ አሳደገችው። ባል ሲመጣላት “ይሄን ልጅ ለማን ጥዬ?” እያለች ስትመልስ፣ ኋላ ጠያቂውም ቀረ። እሱም ሳያገባ ዕድሜው ገፋ። “ሁለት ቆሞ ቀሮች” እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ዓመት መስመሩ ደኑን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ተወሰነ። ዛፎቹ አናት ለአናት ተቃቅፈው ፀሐይ አያስገቡም፤ ዝናብ ባይኖርም ልብስ ይረጥባል። መሰላል ያን ወፍ ያወቀው እዚያ ነው። ገላው ጥቁር፣ ወገቡ ነጭ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በምንቃሩ ላይ ደግሞ ቀንድ የመሰለ ነገር የደረበ። ሲበር ክንፉ እንደ ወናፍ ስለሚተነፍስ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን በሾላ ፍሬ ሞልቶ ይመጣና አንድ ያረጀ ግንድ ላይ ይለጠፋል። ግንዱ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለች። ፍሬውን አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ ሲያቀብል፣ የሌላ ምንቃር ጫፍ ከውስጥ ብቅ ብሎ ይቀበለዋል።

“ሚስቱ ናት” አለው የሥራ አለቃቸው፣ ጮኾ ካልተናገረ ሰው የሚሰማው የማይመስለው ሰው። “እንቁላል ልትጥል ስትል ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃና በኩሷ ትደፍነዋለች። እባብም ጦጣም አያገኛት። ግን የክንፏ ላባ እዚያው ይረግፋል። እስኪበቅልላት አባወራው ካላጎረሳት አለቀላት።”

መስመሩ ላይ ኃይል ከተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ አባወራው ምሰሶ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሰፊ ክንፉ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ ነክቶ ነው። ጉሮሮው ገና በፍሬ እንዳበጠ ነበር። ሽቦዎቹን የወጠራቸው መሰላል ነው። ወፉን ቀበረው።

ራት ላይ ለእህቱ ነገራት።

“እና እሷን ማን ሊያጎርሳት ነው?” አለች።

“እትዬ፣ የዱር ወፍ እኮ ናት። ከሰው እጅ ትበላለች?”

“አንተስ መጀመሪያ ከኔ እጅ መች በላህ? ስትተፋ አይደል የከረምከው?”

ጠዋት ፓፓያ ቆራርጣ አስያዘችው። መሰላል ረጅም ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ቁራጩን ሰክቶ፣ ራሱን ከግንዱ ጀርባ ደብቆ ወደ ስንጥቋ አስጠጋ። ወፏ አፏጨችበትና ወደ ውስጥ ሸሸች። በማግስቱም እንደዚያው። ረሃቡ ሲጠናባት ግን ዘንጉ በእጁ ውስጥ ድንገት ቀለለ። ወስዳለች።

“መስመሩን ትተህ ወፍ ቀላቢ ሆንክ?” አለው አለቃው። “ይሄ ዛፍ ሽቦው ላይ አዘንብሏል፤ መቆረጥ አለበት።”

“እስክትወጣ ይታገሱኝ፣ አለቃ።”

“ለበላይ ምን ልበል? በወሊድ ምክንያት ሥራ ቆሟል ልበል?”

ያም ሆኖ መጋዙን አላነሳም።

በዚያው ሰሞን እህቱ አልጋ ያዘች። ልቧ ደክሟል ተባለ። መሰላል አጠገቧ ልዋል ቢል እምቢ አለችው። “እኔ ጎረቤት አለኝ፤ እሷ ማን አላት?” ጠዋት እህቱን በማንኪያ አጉርሶ ወደ ደኑ ይሄዳል። አንድ ቀን ማንኪያውን ሲያቀርብላት አፏን ሳትከፍት ቀረች።

ቀብሩ ሲያበቃ ወፏ ትዝ አለችው። ግን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ወፍ ልቀልብ ብሎ መነሳት እንዴት ይሆናል? ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ወፏ በረሃብ ሳትሞት አትቀርም፣ ሬሳዋን ልቅበር ብሎ ወደ ደኑ ወጣ። ገና ሳይደርስ የአለቃውን ድምፅ ሰማ።

“ያዢ እንጂ፣ አንቺ ግትር። እጄ ዛለ።”

አለቃው ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዘንጉን ይዞ ያጎርሳታል። መሰላልን ሲያይ አፈረ።

“ለቅሶህ ላይ ብዙ ያልቆየሁት በሷ ምክንያት ነው። እንዳትቀየመኝ” አለው።

መሰላል ግንዱን ተደግፎ ቁጭ አለና እንባው ወረደ። አለቃው ያላየ መስሎ ማጉረሱን ቀጠለ።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ወፏ የደረቀውን ጭቃ ፈልፍላ ወጣች። ከስታለች፤ ክንፏ ግን አዲስ ነው። ወደነሱ ዞር ብላም ሳታይ ወደ ሾላው በረረች። ልጇ እየፈራ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ፤ እናቱ ደጋግማ ስትጠራው ዘለለ፣ ሊወድቅ ሲል ክንፉ ያዘለት።

ያን ሳምንት ኃይሉን አቋርጠው በደኑ ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ሁሉ እንደገና አራርቀው ወጠሩት። ሐሳቡ የመሰላል፣ ለበላይ ጮኾ ያስፈቀደው ደግሞ አለቃው ነው። የመጨረሻውን ምሰሶ ጨርሰው ሲወርዱ፣ አለቃው ጓንቱን እያወለቀ “ዛሬ ራት እኛ ጋ ነው” አለው። “ባለቤቴ ብቻውን እንዳይበላ ብላለች።”

መሰላል እሺ ብሎ ተከተለው።