ከባሕሩ ዳር የደወልኩት ስልክ

«አንቺ እንባሽ ቅርብ አይደለም፤ ደውዪና አጫውቻት» አሉኝ እትዬ ውድነሽ፣ ከጄኔቭ የሦስት ሰዓት ባቡር በሚርቀው ዜባህ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን።

የማርታ አባት ዛሬ ንጋት ላይ አዲስ አበባ አርፈዋል። ማርታ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር፣ ዲፕሎማቶች ቤት ልጅ ትጠብቃለች። መርዶዋን እሑድ ተሰብስበን እንነግራታለን ተባለ። እስከዚያ ግን ከአገር ቤት ስልክ የሚያነሣላት አጥታ ተጨንቃለች፤ የሚያረጋጋት ሰው ተፈለገ።

ስልኩን ሲዘረጉልኝ ያ መንገድ ታየኝ።

ያኔ እኔም እንደ ማርታ ጄኔቭ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አሠሪዎቼ ነሐሴ ላይ ለዕረፍት ሲሼልስ ወሰዱኝ፤ ዕረፍቱ የእነሱ፣ ልጆቹ የእኔ። አንድ ቀን ደሴቲቱን በመኪና ዞርን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው ጫካ። ቅጠሉ ድስት ይከድናል፣ ድንጋዩ ሳይቀር ያልበዋል። ዝናቡ ይመጣል፣ ወዲያው ይሄዳል፣ አስፋልቱ ይጨሳል። ትንሹ ልጅ በየኩርባው ጭኔ ላይ ያስታውካል። ፍልሰታ ስለነበር እነሱ ዓሣ ሲበሉ እኔ የኮኮናት ውኃ ጠጣሁ። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ለሰው ማሳየት አማረኝ። አገር ቤት እናቴ ጋ ብደውል አይነሣም። ያኔም ዜባህ የነበሩት፣ እንደ እናት የማያቸው እትዬ ውድነሽ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ምነው እትዬ፣ ለቅሶ አለ እንዴ?»

«የጎረቤት ነው ልጄ። እስቲ ባሕሩን አሳዪኝ።»

ስልኩን በመስኮት አውጥቼ አሳየኋቸው።

«እናቴ አታነሣም» ስላቸው፣ «ኔትወርክ ነው፤ አንቺ ተዝናኚ» አሉኝ። ተዝናናሁ። እየሳቅኩ ፎቶ ተነሥቼ ለእናቴ ላክሁ።

ጄኔቭ በተመለስን ማግስት ገና ሲነጋ የአሠሪዎቼ በር ተንኳኳ። እትዬ ጥቁር ከለበሱ ሴቶች ጋር ቆመዋል። እናቴ የተቀበረችው ያን ዕለት፣ እኔ ባሕር ሳሳይ ነው። ፎቶዬ ስልኳ ላይ ሳይከፈት ቀረ። እትዬ ለእኔ አስበው ነው፣ በሰው አገር ብቻዬን እንዳልሆን፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ደስ ባለኝ ቁጥር ማን ሞቶ ይሆን እላለሁ። ይኼ አይለቅም።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አልኩ።

«ነገ ከሰዓት።»

«ዛሬ ማታ ብትሳፈር ትደርሳለች።»

«አውሮፕላን ላይ ብቻዋን ታልቅስ ነው የምትዪው?»

«ታልቅስ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ለእሷው ብዬ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ኮቴን ለበስኩ።

«ወዴት ነው?»

«ጄኔቭ» አልኳቸውና ወጣሁ።