ያልተወለወለው በር

ባለቤቴን የወሰዱት በቀን ነው፤ ከፋብሪካው የጥገና ክፍል፣ የመካኒክ ቱታውን እንደለበሰ። መጀመሪያ እዚሁ ባሕር ዳር አሰሩት። ምግብ እወስድለት ነበር፤ ባዶው ሳሕን ይመለስልኝ ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ሳሕኑ እንደሞላ ተመለሰ። «ተዛውሯል» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስት ልጆች ነበሩኝና ቁጭ ብዬ የማለቅስበት ጊዜ አልነበረኝም።

ቤታችን ግሽ አባይ ሰፈር ነበር። በግቢው፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ የእሱ መኪና ቆማለች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቀይ የስፖርት መኪና። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር የሸጠለት ናት። ለአምስት ቤተሰብ ሁለት ወንበር! «ሌሎቻችንስ?» ስለው «በየተራ» ይል ነበር። ያለውንም አደረገ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አንድ ልጅ እየጫነ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ ደርሶ ይመለሳል። የእኔ ተራ መጨረሻ ነው። ነጠላዬን አገጬ ሥር አጥብቄ ይዤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስንመለስ «ውኃውን አየሽው?» ይለኛል። «አየሁት» እለዋለሁ። እንዳላየሁት ያውቃል።

እሱ ከተወሰደ ወዲህ ማንም አልነካትም። ማንጎው ወተቱን አንጠባጠበባት፤ ወፎቹም የራሳቸውን ጨመሩበት። ፀሐዩ ቀይነቷን በላው። ውጭ ተረስቶ የከረመ በርበሬ መሰለች። በጣት ሲነኳት የነጣ ዱቄት ይይዛል። አልፌያት እሄድ ነበር እንጂ አላያትም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ማየት አልፈልግም ነበር።

በጥር ወር አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጸሐፊውን አስከትሎ መጣ። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና መኪናዋ ዘንድ ቆመ።

«ጓዲት፣ ይህ የተተወ ንብረት ነው።»

«አልተተወም።»

«ባለቤቱ የታለ?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ጸሐፊው ወደ መሬት አየ። ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «ቀይ መኪና አለች ብለውኝ ነበር፤ እኔ የማየው የወፍ ኩስ ነው። የቡርዧ ነገር እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓመት አይቆይም።» ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። እንድፈርም ነው። «ባለቤቱ የማይመለስ ስለሆነ ንብረቱን በፈቃዴ አስረክቤአለሁ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መኪናዋ ብረት ናት፤ ቢወስዷትም አልሞትም ነበር። ነገር ግን «የማይመለስ» የሚለውን ቃል በእጄ ልፈርም አልቻልሁም። እኔ ከፈረምሁ እሱ በወረቀት ሞተ ማለት ነው፤ በወረቀት የሞተን ሰው ደግሞ ማን ይፈታዋል?

«አልፈርምም» አልሁ።

«እንግዲያው ኮሚቴ ይመጣል። ከኪዳነ ምሕረት ማግስት። የተተወ ሆኖ ካገኘው ያለ ፊርማሽም ይወስደዋል።» የበዓሉን ስም ያነሣው ሊቀልድብኝ ነው። እኔ ግን ቀኑን ያዝሁት። ወር አልሞላም።

ላንቀሳቅሳት አልችልም። ባትሪዋ ሞቷል፤ ነዳጅ በራሽን ነው፤ መንዳትም አላውቅም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለቤት ያላት ማስመሰል። አይደለም፤ ባለቤት እንዳላት ማሳየት።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ልጅ ሳለሁ የጸናጽሉን ነሐስ የማጸዳው እኔ ነበርሁ፤ በአመድና በሎሚ፣ ፊቴ እስኪታይበት። ስለዚህ በማግስቱ አመድ ነፍቼ፣ ሎሚ ቆርጬ፣ የመኪናዋን የሞተር ክዳን እንደ ጸናጽሉ ፈተግሁት። ውኃ ሳፈስበት ክዳኑ ድመት የቧጠጠችው መሰለ። ቀለሙ አልበራም፤ ተፋቀ። ያን ዕለት እጄን ሰበሰብሁ።

በወደቡ የሐይቁን ጀልባዎች የሚቀቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወጣት ሳሉ ጎንደር ከጣሊያኖች ጋራዥ የመኪና ቀለም ተምረዋል ይባላል። ሄጄ ለመንኋቸው፤ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ክዳኑን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በአመድና በሎሚ።»

«ልጄ፣ ድስት መስላሽ ነው?»

«ይድናል ወይ?»

«ጥልቁ አይድንም። ሌላው ይድናል። የድሮ ቀለም ነው፤ ወፍራም ነው። ከላይ የሞተው ቆዳው ብቻ ነው፤ ከሥር በሕይወት አለ።» ከዚያ ወደ ግቢው በር አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ ቀለም ስታወጪ ማን ይከለክልሻል? አብዮታዊ ሥራ ነው።»

እሳቸው የጀልባ ሥራ ነበረባቸው፤ እየመጡ ያሳዩኛል፤ እጁ የእኔ ነው። መጀመሪያ ውኃ። ከሐይቁ የቀዳሁትን አፈሰሱት፤ «አሸዋ አለው፤ በአሸዋ ልታጥቢያት ነው?» አሉ። የቧንቧ ውኃ በርሜል ውስጥ አሳድሬ፣ በነጠላ አጥልዬ፣ በሁለት ባልዲ አደረግሁት፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ የያዘውን አፈር ለማራግፍበት። የወፉን ኩስ መፋቅ የለም፤ «እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ ራሱ እስኪለቅ ጠብቂ» አሉኝ። የማንጎውን ወተት በነጭ ጋዝ። ከፋብሪካ የመጣ የጥጥ ውዳቂ ባቀርብላቸው በጣታቸው ፈልገው ፍሬ አወጡበት። «ይህች ፍሬ እንደ አመድሽ ናት።» ስለዚህ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳውን ነጠላዬን ቀደድሁ። ጥለቱን አወጣሁና ለራሴ አስቀረሁ።

ከዚያ በቆርቆሮ የቀራቸውን ሊጥ መሳይ የቀለም ማለስለሻ ሰጡኝ። «አንድ ክንድ ቦታ ብቻ ያዢ። በጥላ እንጂ በፀሐይ አይሆንም። እያዞርሽ እሺው። ጠርዙ ላይ አትጫኚ፤ እዚያ ስስ ነው።»

«ምን ያህል ልሽ?»

«እስኪበቃው።»

«እስኪበቃው ምን ያህል ነው?»

ተቸገሩ። በእሳቸው እጅ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ በቃል አያውቁትም። እኔ ግን ልኬት ነበረኝ። አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በጣቴ እየቆጠርሁ እላለሁ፤ ሲያልቅ ጨርቁን አነሣለሁ። ሽማግሌው አይተው በእጃቸው ጀርባ ዳበሱት። «በቃው» አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ልኬት ሠራሁ፤ አንድ ክንድ ቦታ፣ አርባ አንድ እግዚኦታ።

የመጀመሪያውን ቀን ጨርቁን ሳነሣው ቀይ ነበር። ቀለሙን ጠርጌ የጨረስሁት መስሎኝ ወደ ወደቡ ሮጥሁ። ሽማግሌው መሰላል ላይ እንዳሉ ሳቁ። «እሱ ነው እንጂ የሞተው! ጨርቅሽ ካልቀላ ነው መፍራት ያለብሽ።» ተመልሼ አየሁ። እንጀራ የምታህል ቦታ፣ በነጣው መካከል፣ ደም መስላ ቀልታለች። የማንጎው ቅጠል በውስጧ ይታያል።

ጎረቤቴ ጠጅ ጣይ ነበረች፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን ታወጣለች። «አንቺ፣ አስጊጠሽ ልትድሪያት ነው? ብታብረቀርቂያት ይበልጥ ያምራቸዋል!»

«ያምራቸው።»

«እብድ።»

«ይሁን።»

ከሁሉ የከበደኝ ግን የትልቋ ልጄ ነገር ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን ሳታስቀምጥ፣ «እማዬ፣ ይውሰዷትና እንረፍ። ሰው ሁሉ ይስቅብናል» አለችኝ።

«መኪናዋን ሲወስዱ ምን ብለው እንደሚጽፉ ታውቂያለሽ?»

«ምን ብለው?»

ነገርኋት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰው ሳቅ አላነሣችም። ውኃውን ማጥለል የእሷ ሥራ ሆነ።

እሑድ አልሠራሁም። አስተርእዮ ማርያምን አልሠራሁም፤ የወሩንም ሚካኤል። ሽማግሌው ቀኖቹን ሲቆጥሩ ይጨነቁ ነበር። ክዳኑ አለቀ፤ ጎኖቹ አለቁ፤ የኋላው አለቀ። በመጨረሻ ሰም ያስፈልጋል አሉ፤ የመኪና ሰም ደግሞ በከተማው አይገኝም። ያን ዕለት ጠጅ ጣይዋ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንድ ድቡልቡል የሰፈፍ ሰም አቀበለችኝ። አንጥራዋለች፤ አጥልላዋለች። «ሙሽራዋ ቅባት ትፈልጋለች አሉ» አለች። ፊቷን አዙራ ገባች። ሰሙን ከነጭ ጋዝ ጋር አቅልጠን፣ በስሱ ቀብተን፣ አድርቀን ወለወልነው።

የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ሲመሽ አንድ ነገር ቀረ፤ በሾፌሩ በኩል ያለው በር። እንደ ነበረ ነጥቶ፣ ዱቄቱን እንደያዘ።

«ነገ በጠዋት ብትነሺ እስከ ቀትር ትጨርሽዋለሽ» አሉኝ ሽማግሌው።

«ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት።»

«ልጄ፣ ሰዎቹ ከነገ ወዲያ በጠዋት ይመጣሉ።»

«ይምጡ።»

«አንዲት በር ናት እኮ! ለራስሽ ትርፍ አይደለም የምትሠሪው፣ እሷም ታውቅልሻለች።»

«ታውቅልኛለች። ለዚህ ነው የማልሠራው።»

ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሄዱ። በማግስቱ ልጆቼን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። አልጨነቀኝም ብል ውሸት ነው። ቅዳሴው ላይ ቆሜ የማየው ያንን በር ነበር።

በቀጠሮው ቀን አራት ሆነው መጡ፤ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት። የግቢውን በር ከፍቼ ወደ ጎን ቆምሁ። ሊቀ መንበሩ ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። ከኮሚቴዎቹ አንዱ ጎንበስ ሲል ፊቱን በመኪናዋ ጎን አየውና ኮፍያውን አቃና። ሌላው «በስመ አብ» ብሎ ወዲያው አፉን ያዘ።

ሊቀ መንበሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዞራት። የሾፌሩ በር ዘንድ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ይህስ?»

«አላለቀም።»

«ለምን?»

«ትናንት በዓል ነበር።»

«በዓል!» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ጓዲት በዓል ላይ ነበረች!» የሳቀለት አልነበረም። ጣቱን በበሩ ላይ አሳረፈ፤ ነጩ ዱቄት ያዘው። ከዚያ ጣቱን በአጠገቡ ባለው በተወለወለው ጎን ላይ አሳረፈ። ምንም አልያዘውም። ጣቱን እያየ ቆመ።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምን ብዬ ልመዝግብ?»

«የተተወ ብለህ ነዋ!»

«እሱን አልችልም፤ ሁለቱ ጓዶችም ይፈርሙበታል። ሙሉ በሙሉ ብትነጣ የተተወች እል ነበር። እንዲህ ግማሽ ሥራ ሆና ግን ሰው እየሠራባት ነው።» ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየም። «በእድሳት ላይ ያለ ንብረት የሚባል ዓምድ አለ።»

ኮፍያውን ያቃናው ሰውዬ «ልክ ነው፣ በእድሳት ላይ ናት» አለ።

«የባለቤት ሁኔታ የሚልም አለ» አለ ጸሐፊው።

«ባለቤት አለው ብለህ ጻፍ» አልሁት።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ሊቀ መንበሩን ጠበቀ። ሊቀ መንበሩ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ። «ጻፍ። ሲያልቅ መጥተን እናያለን።»

«ሲያልቅ ኑ» አልሁ።

ከሄዱ በኋላ ጨርቄን አነሣሁ፤ በበሩ ፊት ተቀመጥሁ። ከዚያ ጨርቁን መልሼ አስቀመጥሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መኪናዋን አጠብኋት፤ ወለወልኋት፤ ያንን አንድ በር ግን ከማጠብ በስተቀር አልነካሁትም። ሊቀ መንበሩ በአጥሩ ሲያልፍ ይጠይቀኛል።

«አሁንም አላለቀም?»

«አሁንም።»

«አንድ በር ሁለት ዓመት?»

«እጄ ቀርፋፋ ነው።»

እሱ ተነሥቶ ሌላ ተሾመ። አዲሱም መጣ፤ መዝገቡን አነበበ፤ በእድሳት ላይ ይላል። በሩን አየ፤ በእድሳት ላይ ናት። ሄደ። መኪናዋ ለአራት ዓመት ሳታልቅ ቆየች፤ ባለቤቴም ለአራት ዓመት በወረቀት ላይ ኖረ።

ሲመለስ ማንም አልነገረኝም። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ የግቢው በር ተከፈተ። ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ልጆቹ ተጠመጠሙበት። እኔ መሬት ስሜ ተነሣሁ፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ልጆቹ ሲለቁት ወደ መኪናዋ ሄደ። ያልዳኑትን የክዳኑን ጭረቶች በጣቱ ተከተላቸው። መካኒክ ነው፤ አወቀ።

«በአመድ ነው?»

«በሎሚም።»

ከስድስት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ይህ ነው። ከዚያ ዞሮ የራሱን በር አየ።

«ይህንንስ ለምን ተውሽው?»

«አልተውሁትም» አልሁት።

ትልቋ ልጄ ሁሉንም ነገረችው፤ እኔ ከዚያ በላይ አልጨመርሁም። በማግስቱ በበርሜሉ ያደረውን ውኃ አጠለለች። ከነጠላዬ የቀረውን ጨርቅ ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ለእሱ ሰጠሁት፤ እጁ ቶሎ ይደክም ነበርና እያረፈ ሠራ። እኔ እቆጥራለሁ፤ እሱ ያሻል። አርባ አንድ ላይ ስደርስ ያነሣዋል። ጨርቁ ቀላ።

በሦስተኛው ቀን አለቀ። ሲያልቅ ኑ ያልኋቸውን ሰዎች አልጠራኋቸውም።