በመኪና ያስወቃነው ገብስ

ዛሬም በህዳር በጫጫ በኩል ሳልፍ የመኪናውን መስኮት እዘጋለሁ። ፀሐይ የመታው የገብስ ገለባ ሽታ እንዳይገባብኝ ነው። አብረውኝ የተሳፈሩት አቧራ ፈርቼ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። እህል በበሬ ፈንታ በመኪና ማስወቃትን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ብቻ መንደሩ ሁሉ ነዶውን አስፋልቱ ላይ ይበትን ነበር፣ ጎማ ሲመላለስበት ፍሬው ይረግፋል። ደስ ብሎን ነበር። በሬ መለመን የለ፣ አውድማ መለቅለቅ የለ። ታላቅ ወንድሜ ገለባውን በመንሽ እያገላበጠ በሚያልፈው መኪና ሁሉ ይቀልዳል። «ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ደህና አድርጎ ይወቃል!» ይለኝና ይስቃል። ሳቁ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር።

በየቀኑ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ግን እየቆመ ይለምነን ነበር።

«አባቴ፣ ገለባ ላይ እኮ ፍሬን አይዝም፤ ጎማው ይንሸራተታል። ቢያንስ ከመታጠፊያው ላይ አንሱልኝ።»

አባባ ይስቅበታል። «አንተ ቀስ ብለህ ንዳ! መንገዱን ለብቻህ ሰጡህ እንዴ?»

መታጠፊያው ላይ የምበትነው እኔ ነበርኩ፤ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ገለባው ጤዛ ጠጥቶ አድሮ ነበር። ወንድሜ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ያገላብጣል። ሚኒባሱ ታጥፎ ሲመጣ አየሁት፤ ሹፌሩ ብቻውን ነው፣ ተሳፋሪ አልጫነም። ፈጥኖ አልነበረም። እምላለሁ፣ ፈጥኖ አልነበረም። ፍሬን ሲረግጥ ጎማዎቹ መዞር አቆሙ፤ መኪናው ግን አልቆመም። የጎማ ጩኸት እንኳ አልተሰማም። ገለባውን እየገፋ ዝም ብሎ ተንሸራቶ መጣ።

ወንድሜ እዚያው ሞተ።

አባባ ሬሳውን ታቅፎ ሲያለቅስ ቆየና ቀና ብሎ «ጥረጊው» አለኝ። አልገባኝም። «ገለባውን ጥረጊው፣ ትራፊክ ሳይመጣ!»

ከጎረቤቶቻችን ጋር ጠረግነው፤ በመጥረጊያ፣ በእጃችን፣ በነጠላችን። ሹፌሩ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን ይዞ ያለቅስ ስለነበር ምን እንደምናደርግ እንኳ አላየም።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ በሜትር ለካ። ጎማ ሲጎተት አስፋልት ላይ የሚተወውን ጥቁር መስመር ፈለገ፤ አጣ። ገለባ ላይ የተንሸራተተ ጎማ መስመር እንደማይተው ያን ቀን አወቅሁ። «ጭራሽ ፍሬን አልያዝክም፣ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር» አለው። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ አንቺ አይተሻል። ገለባ ነበር በያቸው።»

«አላየሁም» አልኩ።

ታሰረ፤ በኋላም ተፈረደበት። ከተፈታ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው እንደሚለው ዳግም መሪ አልጨበጠም። አባባም ይህን አንድም ቀን ሳያነሳ ሞተ። እኔም ይኸው ለእናንተ እንጂ ለሚመለከተው ሰው ተናግሬ አላውቅም። ፈሪ ነኝ።

የወንድሜ አርባ በወጣ ሰሞን የሹፌሩ እናት ሽማግሌዎች አስከትለው ከደነባ መጡ። እንደ ወጉ ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ ተሸክመው ደጃችን ላይ ተንበረከኩ።

«ልጄ ልጃችሁን ነጠቃችሁ። ስለ ወላዲተ አምላክ ብላችሁ ማሩን።»

አባባ አሁን እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲናገር ፈለግሁ፣ እንዳይናገርም ፈራሁ።

«ምረናል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ድንጋዩን እንዳወርድላቸው በአገጩ ጠቆመኝ።

ከባድ ነበር። ሳወርደው ጫንቃቸው ተልጦ አየሁ። እሳቸው ግን ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ሳሟቸው።

«የወንድምሽን ነፍስ ይማር፣ የኔ ልጅ። እኛን እንደማርሽን አንቺንም እግዜር ይማርሽ።»

አሜን አልኳቸው።