የመቐለ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል

ከደሴ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። የጫንኩት ማሽላ ነበር፤ ጉዳዬ ግን ሌላ። ጣሊያን ጥሏት የሄደው የጭነት መኪናዬ ቴስታታዋ፣ የሞተሯ የላይ ክዳን፣ አንዴ ተሰንጥቆ ተበይዷል። ሁለተኛ ከፈላች አለቀላት፤ እኔም ወደ ድሮው የሸክም ሥራዬ እመለሳለሁ። የሞተር ሙቀት መለኪያ ያስፈልገኝ ነበር፤ ደህና የሚገኘው መቐለ ነው አሉኝ።

ያን ዓመት፣ በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ ፊደል ቆጥሬ ነበር። ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። የኮረምንና የአላጌን ዳገት በየኩርባው እየቆምኩ፣ ራዲያተሩን በእጄ እየዳሰስኩ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ መቐለ

በገበያው ጫፍ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ አቦይ ሐጎስ የሚባሉ ሽማግሌ አሮጌ የመኪና ዕቃ ይሸጡ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ሠርተዋል። ፊደል አያውቁም፤ ቁጥር ግን ከመለኪያ ላይ ለምደዋል። ሁለት መለኪያ አወጡልኝ፤ አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሌላው እንደ አዲስ የሚያበራ። ውሃ በጣሳ አፍልተን የሁለቱንም ጫፍ ነከርን። የተሰነጠቀው ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ፤ የሚያበራው መቶ አለ። አስተማሪዬ ደግሞ ውሃ መቶ ላይ ይፈላል ብሎኛል፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

“ይህን ውሰድ፣ ወደይ” አሉ የተሰነጠቀውን ወደ እኔ እየገፉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

“ማንበብ ለማይችል ይሽጡት” አልኩና ገበያተኛው እየሰማ አጭበርባሪ አልኳቸው። የሚያበራውን በአምስት ጠገራ ብር ገዛሁ፤ ስድቤን እንዳልሰማ ሰው መኪናዬ ላይ ገጥመው ብሎኑን ቀስ ብለው አጠበቁልኝ።

ዓርብ

ጨው ጭኜ ወጣሁ። ኲሓን አለፍ እንዳልኩ መርፌው መቶ ገባ። ደንግጬ ቆምኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፤ እጅ የሚታጠቡበት ለብ ያለ ውሃ። ጥቂት ሄድኩ፣ አሁንም መቶ፣ አሁንም ለብታ። ዓዲ ጉዶም ደርሼ የአላጌን ተራራ ፊት ለፊት ሳየው ገባኝ። ለለብታውም ለፍላቱም መቶ የሚል መርፌ ይዤ ብወጣ፣ የምር ስትፈላ በምን አውቃለሁ? አዞርኩ። ከመንገዱ ሁሉ የከበደኝ ያ መዞር ነው።

አቦይ ሐጎስ ሲያዩኝ አልሳቁም። መቶ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። አስተማሪዬ ከመጽሐፍ ያነበበልኝ ነው አልኳቸው።

“መጽሐፍህ ምጽዋ ነው የተጻፈ” አሉ። “እዚያ ባሕሩ አጠገብ መቶ ላይ ይፈላል፤ አይቻለሁ። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ፈጥኖ ይፈላል። መቐለ ዘጠና ሦስት፣ አላጌ ዘጠና። አንተ እዚያ መቶን ስትጠብቅ ቴስታታህ ይሄዳል፣ ወደይ።”

የሚያበራውን ፈትተው የተሰነጠቀውን ገጠሙልኝ፤ ለልውጡ ሳንቲም አልተቀበሉም። ፊደል ከቆጠርክ ስሜን በዳሱ በር ላይ ጻፍልኝ አሉ። በጥቁር ቀለም ጻፍኩ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተንጋደዱ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን እያስኬዱ ደጋግመው ዳሰሷቸው። ይቅርታ ልል ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። የሚመጣው ጊዜ እላለሁ ብዬ ሄድኩ።

እሑድ፣ ደሴ

አላጌ ላይ መርፌው ሰማንያ ስምንት ባለ ቁጥር እየቆምኩ፣ እያበረድኩ ተሻገርኩ። ቴስታታዋ ሳይነካ ቤቴ ገባሁ።

ያልኩት ጊዜ መጥቶ መቐለ ስደርስ ዳሱ ተዘግቶ ነበር፤ አቦይ ሐጎስን ቀብረዋቸዋል። በሩ ላይ የተንጋደደው ጽሕፈቴ ብቻ ቀርቷል። መኪናዬም ኋላ ብረቷ ተሸጠ። ያ ደብተር ግን አለኝ። “ውሃ መቶ ላይ ይፈላል” ከሚለው ሥር ያን እሑድ የጨመርኩት እንዲህ ይላል፦ “ምጽዋ ከሆነ። ለሌላው አገር አቦይ ሐጎስን ጠይቅ።”

አሁን ማንን ልጠይቅ።