የዕድሩን መዝገብ ያነበበችው ልጅ

ነገሩ የሆነው አምና በዳግማ ትንሣኤ፣ ዓባይ ማዶ ባለው ቤቴ ነው። ባስታወስሁት ቁጥር «እንኳን በጊዜ ነቃሁ» እላለሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ሰው ነኝ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት ሳመላልስ፣ ፊደልን ከዱቄት ጆንያ ላይ ለይቼ በአንድ ክረምት ማንበብ ቻልሁ። ዛሬ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። የእጅ ጽሑፌን የሚያደንቅ እንጂ የሚነቅፍ አልገጠመኝም። የሕይወት ታሪኬንም በደብተር ጽፌ ለቤተሰቡ ደጋግሜ አነባለሁ።

የልጅ ልጄ ትዕግሥት አራተኛ ክፍል ናት። ማንበብ አትችልም ሲሉኝ አላመንሁም። ደብተሬን ስሰጣት ታንበለብለዋለቻ!

የዚያን ቀን እንግዶች ነበሩ። «ነይ አንብቢላቸው!» ብዬ ደብተር ሰጠኋት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታሪኬን አነበነበችው፤ ማዕበል ታንኳዬን ከገለበጠበት ስትደርስ፣ አጠገቧ የነበሩት ጎረቤቴ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጋሼ፣ ይኸ'ኮ የዕድሩ የስም መዝገብ ነው! እኔም አለሁበት!»

ሽፋናቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ተሳስቼ ነው የሰጠኋት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ወደ ጓሮ ሮጠች።

አፈርሁ፤ ተናደድሁም። «ሰነፍ አታላይ! ትምህርት በቃሽ፤ አንበሳሜ ከተማ ካለችው አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ!» ብዬ ጮህሁ። የምሬን ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየች፣ ከሐዋሳ የመጣች አስተማሪ ከእንግዶቹ መሀል ነበረች። ተከትላት ወጣች፤ እኔም ተከተልሁ።

«ፊደሎቹ ይምታቱብኛል» አለች ትዕግሥት እያለቀሰች። «አንዱን ለይቼ ሳልጨርስ ሌሎቹ ልጆች ገጹን ይጨርሱታል። አባባ እንዳያዝኑ ደብተራቸውን በቃሌ ያዝሁት።»

አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ዲስሌክሲያ ይመስለኛል፤ ፊደልን ከድምፁ ማገናኘት የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። ትመርመር። በሚገባቸው መንገድ፣ ቀስ ተብሎ ከተማሩ ያነባሉ። ሙሉ ደብተር በቃሏ የያዘችን ልጅ ማን ሰነፍ ይላታል?»

«ይህንስ ከእኔ ነው የወረሰችው» አልሁ።

ተመረመረች፤ እንደተባለውም ሆነ። አንበሳሜ መሄዱ ቀረ። አስተማሪዋ ታስጠናታለች፤ እኔም ሐይቁ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ፊደል በጣቷ አስጽፋታለሁ።

ባለፈው እሑድ ያንኑ የዕድር መዝገብ ራሷ አመጣችው። እሱን በቃሏ አታውቀውም። ሁለት ስም አንብባ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ላግዛት አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምሁት። ቆየች፣ ቆየች፤ ደረሰችበት። የእኔው ስም ነበር።

ያን ቀን ልኬያት ቢሆን ኖሮ እያልሁ እደነግጥና እፎይ እላለሁ። በእርግጥ የእጅ ጽሑፌ ግልጽ መሆኑም ሳይረዳት አልቀረም።